ለሮቦት ጉዞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የወንድምሽን ቁርጭምጭሚት እዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ከሕንጻ ግንባታ ላይ ወድቆ ቲ10 (አሥረኛው የደረት አከርካሪ) ላይ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት እግሩ እሳት እንደነካው ይቃጠላል። አንድ ደላላ ደግሞ «ውጭ አገር በሮቦት እየተራመደ ሕመሙ ይጠፋል» ብሎ ቀብድ ጠይቋችኋል፤ ባጃጁን ሸጠን እንላክ ወይ ነው ያልሽው። አሁን አትሽጡ። እግርን በሞተር የሚያራምደው ማሽን ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በደህና ባለሙያ እጅ ሲሆን የእግር መንዘፍዘፍን ያረግባል፣ አንዳንዱን ሰው ከሆድ ድርቀት ያሳርፈዋል፣ ጥቂት እንቅስቃሴ ለቀረለት ሰው ደግሞ እርምጃን መልሶ ያስተምራል። የነርቭ ሕመምን በተመለከተ ግን እስካሁን የተጠናው በጥቂት በጥቂት ሰው ላይ ነው። ከፊሉ ይቀልለዋል፣ ከፊሉ ምንም ለውጥ አያይም፣ የሚብስበትም አለ። «ያጠፋዋል» የሚል ሰው ወንድምሽን ሳያይ ነው የሚናገረው፤ አትስሚው።

አንደኛ፣ የትኛው ሕመም እንደሆነ ለዩ። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው የሚያመው በአንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጉዳቱ በደረሰበት ልክ የሚመጣ ሕመም አለ፣ ወገብን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። ቲ10 የእምብርት መስመር ስለሆነ እዚያ ላይ ሸሚዝ ወይም ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ካመመው ይህ ነው። ከጉዳቱ በታች የሚመጣው ደግሞ ስሜት በሌለው እግር ላይ የሚሰማ ቃጠሎ፣ ንዝረትና የመርፌ ውጋት ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ሁለቱም የነርቭ ናቸው። ትከሻውን የሚያመው ግን ዊልቸር ከመግፋትና ራሱን በክንዱ ከማንሳት ነው፣ ሮቦት ለዚያ አይፈይድም። በክራንች የሚሄደው ዓይነት ሮቦት እንዲያውም የትከሻን ሕመም ሊያባብስ ይችላል። ቃጠሎው በድንገት ከወትሮው ከጨመረ ደግሞ መጀመሪያ ሽንቱን አስመርምሩ፣ ከተጸዳዳ ስንት ቀን እንደሆነው ጠይቁ፣ የእግሩን ጣት ጥፍርና ጫማውን እዩ። የማይሰማው ሰው ሰውነቱ የሚጮኸው በቃጠሎና በመንዘፍዘፍ ነው፣ ምክንያቱ ሲነሳ ቃጠሎውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በልኩ ተሞክሯል ወይ? ለነርቭ ሕመም ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ አይሠሩም። ዲክሎፌናክ በየቀኑ መውሰድ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ወንድምሽ በካቴተር (በሽንት ቱቦ) የሚሸና ከሆነ ኩላሊቱ መጠበቅ ያለበት ነገር ነው። መጀመሪያ የሚሞከሩት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ጋባፔንቲን ብዙ ጊዜ ማታ በ300 ሚሊግራም ይጀመርና በየጥቂት ቀኑ እየጨመረ በቀን ሦስት ጊዜ ይከፋፈላል። የሚሠራው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1800 እስከ 3600 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ነው። ማታ ማታ አንድ ፍሬ ብቻ እየዋጠ ሦስት ወር ከርሞ «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ያ ሰው ገና አልሞከረውም። መጠኑን የሚጨምረው ግን ሐኪሙ ነው፣ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ስለሚቀንስ መጀመሪያ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታያል። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ማታ ይጀመራል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ችግሩ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሲነሱ ደም ግፊት ይጥላል። ቁሞ ለመለማመድ ለሚዘጋጅ ሰው ይህ መታወቅ አለበት። ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር መደባለቁ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይነገር አይሆንም። አንዱንም ቢሆን በአንድ ቀን አታቁሙ፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። እና እባክሽ፣ ለቃጠሎው ብላችሁ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ እግሩ ላይ አታድርጉ፣ ወደ ከሰል ምድጃም አታስጠጉት። ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል አይናገርም። አንድ ሌሊት የተቃጠለ ተረከዝ ለመዳን ወራት ይፈጃል፣ ቁስሉ እስኪድን ደግሞ የትኛውም ሮቦት አይቀበለውም።

ሦስተኛው ገንዘብ የሚበላው ነገር ነው፣ ረጅም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ሰዎች ቤት ሸጠው፣ ቲኬት ቆርጠው ይሄዱና በመጀመሪያው ቀን ምርመራ «አይቻልም» ተብለው ይመለሳሉ። የሚመልሳቸው ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ነው፦ የደረቀ መገጣጠሚያ፣ ቁስል፣ የሳሳ አጥንት፣ ሲቆም የሚወድቅ የደም ግፊት። አብዛኞቹን ከምትኖሩበት ከጅማ ሳትወጡ ማየት ይቻላል።

ቁርጭምጭሚቱን እንዲህ እዪው። ወንድምሽ በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱ ቀጥ ይበል። የካርቶን ወይም የወፍራም ደብተር ጥግ አምጪና አንዱን ጠርዝ ከቅልጥሙ ጎን፣ ሌላውን ከእግሩ መዳፍ በታች አስገቢው። ከዚያ መዳፉን በእጅሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ግፊ። መዳፉ የካርቶኑን ጠርዝ እኩል ከነካ ዘጠና ዲግሪ ደርሷል፣ ለማሽኑ የሚበቃው ይህ ነው። ጣቶቹ ወደ ታች እንደወደቁ ከቀሩና በተረከዙ በኩል ክፍተት ከታየ ጅማቱ አጥሯል። አብዛኛው ተመላሽ እዚህ ላይ ነው የሚቀረው፣ ምክንያቱም አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ሲጫን እግር በየሌሊቱ ወደ ታች ይገፋል፣ ማንም ደግሞ ልብ አይለውም። በሆዱ አስተኙትና ዳሌው ፍራሹን መንካቱንም እዩ፤ ቂጡ ከፍ ብሎ ከቀረ ዳሌው ደርቋል። ለጉልበቱ ተረከዙ ሥር ፎጣ አድርጉ፣ ከጉልበቱ ኋላ ያለው ቀጥ ማለት አለበት።

መገጣጠሚያው ከደረቀ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ መወጠር ጀምሩ። ተረከዙን በመዳፍሽ ያዢ፣ ክንድሽን በእግሩ መዳፍ ላይ አስደግፊና ቀስ እያልሽ ወደ ራሱ ግፊ። ከ30 ሰኮንድ ያላነሰ ያዢው፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሚው፣ ጧትና ማታ። በጉልበት መንቀል የለም፣ የሳሳ አጥንት ይሰበራል። የእግሩ ጣት ብቻ ተይዞ ሲገፋ የመዳፉ መሐል ይታጠፋል፣ ተረከዙ ግን አይነቃነቅም፤ ተለማምደናል የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ወር ለፍተው ምንም የማያገኙት በዚህ ነው። ሌሊት ደግሞ እግሩን ዘጠና ዲግሪ ላይ የሚይዝ ስፕሊንት ቢያገኝ የቀኑ ልፋት አይባክንም።

ቆዳውን በየቀኑ እዩ፦ ቂጥ አጥንቱን፣ ከወገቡ በታች ያለውን አጥንት፣ ዳሌ ጎኑን፣ ተረከዙን። ማየት ለማይመቸው ቦታ የስልክ ካሜራ ፍላሽ በርቶ በቂ ነው። መጽሐፍ ላይ «ቀይ ምልክት» ይላል፣ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቀዩ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሄደ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል። ዊልቸር ላይ ሲሆን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ቂጡን ያንሳ፣ አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ። መሐሉ የተበሳ ክብ ስፖንጅ አትስጡት፣ ዙሪያውን ስለሚጫን የደም ዝውውርን ያግዳል። በክረምት ጅማ ላይ ልብስና የወንበር ስፖንጅ እንደማይደርቅ ታውቂያለሽ፣ እርጥብ ስፖንጅ ላይ መቀመጥ ቆዳን አርጥቦ ያሳሳል። ሁለት ሽፋን ይኑረው፣ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ይቀመጥ።

አጥንቱ የሚሳሳው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አንድና ሁለት ዓመታት በፍጥነት ነው፣ በተለይ በጉልበት ዙሪያ። ሁለት ዓመት ያልቆመ እግር በአንድ ጊዜ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲራመድ ከጉልበት በላይ ወይም በታች፣ አንዳንዴም ተረከዙ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ እሱ ደግሞ አይሰማውም። ስለዚህ ራጅ ብቻ አይበቃም፣ የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ ይታይ፤ ሲታይም ዳሌውና ከተቻለ ጉልበቱ እንጂ የወገብ አጥንቱ ብቻ አይሁን። የወገብ አጥንት ደህና ሆኖ እግሩ ሊሳሳ ይችላል። የቫይታሚን ዲ መጠኑም ይለካ።

የደም ግፊቱን ተኝቶ፣ ተቀምጦና ከተቻለ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ሰውን ቀስ በቀስ በሚያቆም አልጋ ላይ ቀና ብሎ ለኩ። ሲቀና የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ወይም ዓይኑ ከጨለመበት መጀመሪያ መቀመጥና መቆም ይለማመድ፤ የሆድ ቀበቶና የሚጠብቅ ካልሲ ይረዳሉ። ይህን የምታነቡ ሌሎችም ልብ በሉ፦ ጉዳታችሁ ቲ6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ራስ ምታት የሚደልቅ፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ የሚያጠምቅ የግፊት መናር ሊመጣ ይችላል። ቶሎ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ካቴተሩ መታጠፍ አለመታጠፉን እዩ፤ ካልወረደ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ወንድምሽ ቲ10 ስለሆነ ይህ አደጋ ብዙም አያሰጋውም።

አሁን ወረቀቱ። ብዙ ሆስፒታሎች ሲያስወጡ «ፓራፕሌጂያ» ብቻ ጽፈው ይሰጣሉ፣ ያ ቃል ለማንም ማዕከል ምንም አይነግርም። ከኤ እስከ ኢ የሚሰጠው የጉዳት ደረጃ ያስፈልጋችኋል (ኢ ጤናማ ማለት ስለሆነ ወንድምሽን አይመለከትም)። ኤ ከጉዳቱ በታች ስሜትም እንቅስቃሴም ሙሉ በሙሉ የለም ማለት ነው፣ ቢ ስሜት አለ እንቅስቃሴ የለም፣ ሲ እና ዲ የተረፈ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው። ደረጃው የሚወሰነው ፊንጢጣ ላይ ያለው ስሜትና መጨበጥ ተመርምሮ ነው፤ አፍሮ ወይም ቸኩሎ ይህን የዘለለ መርማሪ የሰጠው ደረጃ ሊሳሳት ይችላል። ወንድምሽ ኤ ከሆነ ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ይራመዳል፣ ከማሽኑ ሲወጣ ግን በራሱ አይራመድም፤ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ኤምአርአዩን በፊልም ብቻ ሳይሆን በሲዲ ጠይቁ። ካርድ ክፍል ላይ «ታማሚው ራሱ ይምጣ» ብለው በዊልቸር ያለን ሰው የፎቅ ደረጃ የሚያስወጡ አሉ፤ ይህ በጣም የሚያናድድ ነገር ነው። እሱ ፈርሞ የሚሰጥሽ ውክልና እና የመታወቂያው ኮፒ ይኑርሽ፣ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፊና አንዱ ላይ ማኅተም አስደርጊ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይዘሽ ስትመለሺ ንግግሩ ይለወጣል።

ስለ ማሽኖቹ። ሁለት ዓይነት ናቸውና ደላላው የቱን እንደሚያወራ ጠይቂው፣ ካላወቀ ስልኩን ዝጊው። አንደኛው ትሬድሚል ላይ የተተከለ ነው፣ ታዋቂው የስዊዘርላንዱ ሎኮማት ነው። ሰውየው በማንጠልጠያ ቀበቶ ከላይ ተይዞ፣ ዳሌውንና ጉልበቱን ሞተር ያንቀሳቅሳል፣ የእግሩ መዳፍ በማሰሪያ ይያዛል። ሁለተኛው የሚለበስ ነው፣ እንደ ኤክሶና ሪዎክ፤ መሬት ላይ በክራንች ወይም በዎከር ይኬዳል። ስለዚህ ክንድና ትከሻ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ክብደቱም 100 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ አይቀበልም። ሪዎክ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለቤት ሲፈቀድ ጉዳታቸው ከቲ7 እስከ ኤል5 (አምስተኛው የወገብ አከርካሪ) ለሆኑ ሰዎች ነው፣ ያውም የሠለጠነ ረዳት አብሮ እንዲሆን በሚል። የጃፓኑ ሃል ደግሞ ከቆዳ ላይ የጡንቻን ምልክት እያነበበ ስለሚሠራ ምንም የቀረ ምልክት ለሌለው እግር ብዙም አይሆንም። ለግል የሚገዛው ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ እሱን እርሱት።

የደህና ማዕከል ሥራ ገና ከመለካት ይታወቃል። የጭኑ ርዝመት፣ የቅልጥሙ ርዝመትና የዳሌው ስፋት ይለካና ማሽኑ በዚያ ይስተካከላል። የማሽኑ የጉልበት መታጠፊያ ከሰውየው የጉልበት መታጠፊያ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ ቢዛነፍ ማሰሪያው በየእርምጃው ቆዳውን እያንሸራተተ ይልጠዋል፣ መገጣጠሚያውንም ያጣምመዋል። መጀመሪያ የሰውነቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ በቀበቶው ይያዛል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከዚያ ጉልበቱ እስካልታጠፈ ድረስ ድጋፉ ይቀንሳል። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት የሚሆን ፕሮግራም የተለመደ ነው። «በአንድ ሳምንት ሕመሙ ይለቃል» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያዪው። ከመግባቱ በፊት ፊኛውን ባዶ ያድርግ፣ ይጸዳዳ፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፍም ሳንቲምም አይኑር፣ ሱሪው ወፍራም ስፌት አይኑረው። ሲወጣ ማሰሪያው የያዘበትን ሁሉ እዩ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልጠፋ ምልክት ካለ ነገ አይገባም። እግሩ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም መንዘፍዘፉ ድንገት ከጨመረ ስብራት ወይም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያን ዕለት መመርመር አለበት።

ማዕከሉን ራስሽ፣ ያለ ደላላ፣ በጽሑፍ ጠይቂ፦ ማሽኑ የቱ ነው? ዋጋው በአንድ ጊዜ ልምምድ ስንት ነው? የሐኪም ምርመራና ፊዚዮቴራፒስቷ በዋጋው ውስጥ አሉ? መጀመሪያ ቀን ምርመራ ወድቆ ከተመለሰ ስንቱ ይመለስልናል? የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ካልመጣ ቀብድ አይላክም። ዴክሳውን፣ የደረጃውን ወረቀትና የቁርጭምጭሚቱን ፎቶ ከካርቶኑ ጋር አስቀድመሽ ላኪላቸው፣ ከሩቅ ሊመልሱት የሚችሉትን ከሩቅ ይመልሱ።

እስከዚያ ድረስ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ፊዚዮቴራፒ ክፍል አስመዝግቡትና መቆም ይጀምር። ሐኪሙ አጥንቱን አይቶ ከፈቀደ የቤት መቆሚያ ብየዳ ቤት በቱቦላሬ፣ ወይም ጎበዝ አናጺ በዋንዛ ይሠራላችኋል፣ ለዚህ የጅማ አናጺ አይታማም። ሰውን የሚያቆሙት ሦስት ድጋፎች ናቸው፦ ጉልበትን ከፊት፣ ቂጥን ከኋላ፣ ደረትን ከፊት። የጉልበቱ ትራስ ከሎሚው በታች ይረፍ እንጂ ሎሚው ላይ አይጫን። የቂጡ ቀበቶ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው፣ ቀጭን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል። ሁሉም ትራስ ስፖንጅ ሆኖ በሌዘር ይሸፈን፣ የቡሎን ራስ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ በእጅሽ ዳብሺው። መሠረቱ ከጎንና ከኋላ ሰፊ ይሁን፣ ተረከዙን ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዝ ጠርዝ ይኑረው። በ5 ደቂቃ ይጀመር፣ ሁለት ሰው አጠገቡ ይሁን፣ ግፊቱ ይለካ፣ ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ይድረስ። መቆም ብቻውን መንዘፍዘፉንና የሆድ ድርቀቱን ለአንዳንድ ሰው ያረግባል፣ ቁርጭምጭሚቱንም ይወጥራል።

ሕመሙን ከአሁን ጀምራችሁ መዝግቡ። ጧት፣ ቀትርና ማታ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጥ፣ ከጎኑ እንቅልፉን፣ ሆዱን፣ የወሰደውን መድኃኒት ጻፉ። ሁለት ሳምንት ሳይለወጥ ከተመዘገበ በኋላ ነው መቆሙ ወይም ሮቦቱ የሚለካው። መድኃኒትና ልምምድ በአንድ ሳምንት አብረው ከተቀየሩ የትኛው እንደሠራ ማንም አይናገርም። 2 ነጥብ ወይም ከሦስት እጅ አንዱን ያህል መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። ከ12 ልምምድ በኋላ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ለሕመሙ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ግን ምንም ሳይጠበቅ ዛሬ የሚታይ ነው። ስሜት የሌለበት መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ይሠራ የነበረ ጡንቻ ከደከመ፣ ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ የሚብስ አዲስ ሕመም ከመጣ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ከጉዳቱ ዓመታት ቆይቶም ይመጣል፣ አዲስ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪምም (ኒውሮሰርጀን) ሊያየው ይገባል።

ወደ አዲስ አበባ ምርመራ ከሄዳችሁ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባስ ላይ የራሱን የወንበር ስፖንጅ ይዞ ይቀመጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቂጡን አንሱለት፣ ወልቂጤ ላይ ወርዳችሁ በጎኑ ይተኛ። መድኃኒቱ፣ ካቴተሩና ጓንቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አይጫን። የደረጃው ወረቀት ሲወጣ ከኤ እስከ ዲ የትኛው እንደሆነና ካርቶኑ ምን እንዳሳየ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለማዕከሉ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።